አሸንዳውን እንንቀለው ወይስ እናድሰው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው በአዲስ አበባ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ፣ ከአባቴ በወረስኩት የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ስፋቱ 8 ሜትር ገደማ ሲሆን በጽድ ቋሚ የቆመና ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ ነው፤ ጣራው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያፈስ ቆርቆሮ ነው። አባቴ በሕይወት ሳሉ በየዓመቱ ግንቦት ላይ መሰላል አስደግፈው አሸንዳውን ይጠርጉ ነበር፤ ካረፉ ወዲህ ግን አራት ክረምት ማንም ሳይነካው አልፏል። አሁን ዝጎ ተበሳስቷል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሞልቶታል፣ ሣርም በቅሎበታል። ባለቤቴ ‹ውሃውን ወደ ቤት የሚመልሰው እሱ ስለሆነ ነቅለን እንጣለው፤ የጥንት ቤት አሸንዳ ነበረው እንዴ?› ይላል። ከኋላ በኩል ያሉት ጎረቤታችን ደግሞ የጣራችን ውሃ ግድግዳቸውን እየመታ መሆኑን ሁለት ጊዜ ነግረውናል። አንድ ሠራተኛ ጠርተን ዙሪያውን በአዲስ ለመቀየር የጠየቀን ዋጋ ከአቅማችን በላይ ሆነብን። ምን ይመክሩናል?» ም.፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን

መልስ፦

ውድ እህታችን፣

ክረምቱ ሊገባ የቀሩት ጥቂት ሳምንታት ስለሆኑ መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎና ምክንያቱን ቀጥዬ ላስረዳ። በኋላ በኩል፣ ከጎረቤታችሁ ጋር በሚያዋስናችሁ ወገን ያለውን አሸንዳ አትንቀሉት፤ በዚህ ወር አድሱት። የፊት ለፊቱን ግን ግቢያችሁ የሚፈቅድ ከሆነ ለጊዜው ልታነሡት ትችላላችሁ፤ መቼ እንደሚፈቅድ ከታች እገልጻለሁ። ሠራተኛው «ዙሪያውን» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነም ደግማችሁ ጠይቁት። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ የሚያፈስ ጣራ በሁለቱ ጎኖቹ ውሃ ስለማያወርድ እዚያ አሸንዳ አያስፈልገውም። የቤቱ ዙሪያ 36 ሜትር ነው፤ ውሃ የሚወርድበት ክፈፍ ግን 20 ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚያም ውስጥ አሁን በግድ መሠራት ያለበት 10 ሜትሩ ነው። ምናልባት ያስደነገጣችሁ ዋጋ የተሰላው በ36 ሜትር ሊሆን ይችላል።

ባለቤትዎ «የጥንት ቤት አሸንዳ ነበረው እንዴ?» ማለታቸው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አልነበረውም። ነገር ግን የጥንቱ ቤት ክዳኑ ሣር ነበር። ሣር የመጀመሪያውን ዝናብ ራሱ ይጠጣዋል፣ የተረፈውንም ቀስ እያለ በክቡ ዙሪያ ሁሉ አከፋፍሎ ያንጠባጥበዋል፤ ክፈፉም ከግድግዳው ራቅ ብሎ ስለሚወርድ ጠፈጠፉ የሚያርፈው ከታዛው ውጭ ነበር። ቆርቆሮ ግን አንዲት ጠብታ አይጠጣም። የወረደበትን ሁሉ በጎድጓዳ መስመሮቹ ሰብስቦ በደቂቃ ውስጥ ወደ ክፈፉ ያደርሰዋል፤ ከየመስመሩ ጫፍ የሚወርደውም ጠብታ ሳይሆን ትንሽ ጅረት ነው፣ ያውም ዓመት እስከ ዓመት በዚያው በአንዱ ቦታ ላይ የሚወርድ። ሣሩ በቆርቆሮ ሲተካ ቤቱ የእሳት ስጋቱ ቀነሰለት፣ በየጊዜው ሣር የመቀየር ድካምም ቀረለት፤ ክፈፉ ግን አጠረ። አሸንዳ ከቆርቆሮው ጋር የሚሄድ የክዳኑ አካል እንጂ ለጌጥ የተጨመረ ነገር አይደለም የምለው ስለዚህ ነው።

መጠኑን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። የእናንተ ጣራ ቢያንስ 80 ካሬ ሜትር መሬት ይሸፍናል። በሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ ይህም በአዲስ አበባ ክረምት እንግዳ ነገር አይደለም፣ ከጣራው 2,400 ሊትር ይወርዳል። ግማሹ ወደ ፊት፣ ግማሹ ወደ ኋላ ስለሚፈስ በእያንዳንዱ ወገን የሚወርደው 1,200 ሊትር ነው፤ ባለ 200 ሊትሩን በርሜል ስድስት ጊዜ ሞልቶ በግድግዳው ሥር እንደ መድፋት ይቆጠራል። ከተማዋ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ በመሆኑና አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ስለሚወርድ፣ ከእናንተ ጣራ ብቻ በዓመት ከ80,000 ሊትር የሚበልጥ ውሃ መሄጃ ይፈልጋል ማለት ነው።

መሄጃ ያጣ ውሃ በጭቃ ቤት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ጊዜ ከላይ አይታይም፤ ሰዎችም አሸንዳን ችላ የሚሉት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ጣራ ሲያፈስ ድስት ይደቀንበታል፣ ሁሉም ሰው ያየዋል፣ ሠራተኛም በማግስቱ ይጠራል። ከክፈፍ ወርዶ መሬት የሚመታው ውሃ ግን ጭቃውን እያነሣ ከሦስት ሜትር ከፍታ ባመጣው ኃይል ወደ ግድግዳው ይረጨዋል፤ የሲሚንቶ ልስኑ እስከ ጉልበት ድረስ ይቀላል፣ ከዚያም በውስጡ ያለው ምርግ ርጥበት እየጠጣ ያብጣል። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር አብሮ የማይተነፍስ በመሆኑ በስንጥቅ የገባው ውሃ ተመልሶ የሚወጣበት መንገድ አያገኝም፤ በበጋ ልስኑን በጣት ቢያንኳኩት ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከምርጉ ስለተላቀቀ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ከመሬት በታች ያለው ነው። ጽድ ጠንካራ እንጨት ቢሆንም ሥሩ ግማሽ ዓመት እየረጠበ ግማሽ ዓመት እየደረቀ የሚኖር ቋሚ ልክ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ይበሰብሳል፤ ምስጥም ርጥበት ያለበትን እንጨት አስቀድሞ ያገኘዋል። ቋሚው ከላይ ደህና መስሎ ከታች ሲበላ፣ ማገሩና ምርጉ ተደጋግፈው ለጥቂት ዓመት ያቆሙታል፤ ከዚያም አንድ ክረምት ላይ ጥጉ ዝቅ ይላል።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ላይ አንብቤ አይደለም። በፎርማንነት የሰው ቤት እየሠራሁ በኖርኩበት ዘመን የእናቴ ቤት የአሸንዳ መውረጃ ቧንቧ የታችኛው ጎሚቶ፣ ማለትም ውሃውን ከግድግዳው የሚያርቀው መታጠፊያ፣ ወልቆ ነበር። ውሃው በቧንቧው ተሰብስቦ በጥጉ ሥር በቀጥታ ይወርድ ጀመር። እናቴ ነገሩኝ፤ «እሁድ አደርገዋለሁ» አልኳቸው፤ እሁዱ ሁለት ክረምት ፈጀ። በሦስተኛው ነሐሴ የጓዳው በር አልዘጋ አለ። በሩ በርጥበት አብጦ ነው ብዬ ጫፉን ላግኩት፤ ከሳምንት በኋላ እንደገና አልዘጋ ሲል ጥጉን ቆፈርኩ። የጥጉ ቋሚ ከመሬት በታች በእጄ እንደ ብስኩት ይፈረፈር ነበር፤ ቀጥሎ ያሉት ሁለቱም ከእሱ የተሻሉ አልነበሩም። ጣራውን በድጋፍ አቁመን፣ ሦስት ቋሚ ቀይረን፣ ምርጉንና ልስኑን እንደ አዲስ ሠራን። እናቴ ሥራው እስኪያልቅ ሻይ እያቀረቡ ዝም ብለው ካዩ በኋላ «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» ብለው አለፉኝ። የወለቀው ጎሚቶ ዋጋው ከአንድ የሠራተኛ ምሳ የሚበልጥ አልነበረም።

ባለቤትዎ «ውሃውን ወደ ቤት የሚመልሰው እሱ ነው» ያሉት ላይ ደግሞ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ አሸንዳ ጨርሶ ከሌለው ቤት የተደፈነ አሸንዳ ያለው ይብሳል። አሸንዳ የሌለው ክፈፍ ውሃውን በ10 ሜትር ርዝመት ላይ ያከፋፍለዋል፤ የተደፈነ ወይም የተበሳ አሸንዳ ግን የ10 ሜትሩን ውሃ ሰብስቦ በአንድ ቀዳዳ ያፈስሰዋል። ሲሞላም በፊተኛው ከንፈሩ በኩል ብቻ አይደለም የሚፈሰው፤ የኋላው ከንፈር እኩል ወይም ዝቅ ያለ ከሆነ ውሃው በቆርቆሮው ሥር ተመልሶ የክፈፉን ጣውላና የወራጆቹን ጫፍ ያርሳል፣ ከዚያም በግድግዳው አናት በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። በኮርኒሱ ዳር በኩል፣ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ቡናማ ጥላሸት መሳይ ክብ ካዩ ጣራው ተበስቶ ሳይሆን አሸንዳው ሞልቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ሚስማር ሊመቱ ጣራ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት አሸንዳውን ተመልከቱ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲጥል ይህ በንጹሕ አሸንዳ ላይም ይደርሳል፤ በረዶው መውረጃውን ይዘጋና እስኪቀልጥ ድረስ የሚከተለው ዝናብ መውጫ ያጣል። በቅርብ ዓመታት የተሠሩ፣ ጣራቸው ከግንብ ጀርባ የተደበቀ ቪላዎች ባለቤቶችም ይህን ቢያነቡ መልካም ነው፤ የእነሱ አሸንዳ ከግንቡና ከቆርቆሮው መካከል የተቀበረ በመሆኑ ሲሞላ የሚፈስበት ብቸኛ አቅጣጫ ወደ ኮርኒሱ ነው።

የእናንተን ሠፈር ችግር የሚያከብደው ባሕር ዛፉ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ እንደ ሌሎቹ አንድ ወቅት ጠብቆ ቅጠሉን አያራግፍም፤ ዓመቱን ሙሉ ያራግፋል፣ ልጣጩንም ይጥላል። ቅጠሉ ረጅምና ማጭድ መሳይ በመሆኑ መውረጃው አፍ ላይ ሲደርስ ተጋድሞ ይቀራል፣ ሁለተኛው በላዩ ይጋደማል፣ የእንጦጦ አቧራም በመካከላቸው ገብቶ ያጣብቃቸዋል። ሣር የበቀለበት አሸንዳ ማለት ደለሉ ለሥር የሚበቃ ውፍረት አግኝቷል ማለት ነው፤ ርጥብ ደለል ደግሞ የቆርቆሮውን የዚንክ ሽፋን ቀን ከሌት እየበላ ዝገቱን ያፋጥነዋል። አሸንዳዎ የተበሳው በእርጅና ሳይሆን በእነዚያ አራት ክረምቶች ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው አነጋገር እዚህ ላይ ተገልብጦ፣ ቅጠሉ ራሱ አቃጣይ ሆኗል።

አሁን የፊት ለፊቱን አሸንዳ በተመለከተ የገባሁትን ቃል ልፈጽም። ክፈፉ ከግድግዳው ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ወጣ ያለ ከሆነ፣ ጠፈጠፉ የሚያርፍበት መሬት በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ የተነጠፈና ከቤቱ እየራቀ የሚያዘቀዝቅ ከሆነ፣ በዳሩም ውሃውን ተቀብሎ የሚያወጣ ቦይ ካለ፣ በዚያ ወገን ያለ አሸንዳ መኖር ይቻላል። ብዙዎቹ ነባር የአዲስ አበባ ቤቶች በፊት በኩል ሰፊ በረንዳ ስላላቸው ይህን መስፈርት ያሟላሉ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን አይቻልም። ከመግቢያ በሩ በላይ ቢያንስ ሁለት ሜትር ያህል አሸንዳ ሳይነሣ ቢተው ለእንግዳም ለቤተሰብም ክብር ነው። መሬታችሁ ቀይ አፈር ከሆነ ዋናው ስጋት መሸርሸር ነው። በቦሌ፣ በሲ.ኤም.ሲና በአቃቂ አቅጣጫ ጥቁር ጭቃ ላይ ቤት ያላቸው አንባቢዎች ግን ይህን የአሸንዳ ማንሣት ምክር ባይከተሉ እመርጣለሁ፤ ያ አፈር ሲረጥብ አብጦ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ የሚሰበሰብ በመሆኑ አንዱ የቤቱ ጎን ብቻ ሲርስ መሠረቱን ያናውጠዋል፣ በመስኮቶች ጥግም በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ያወጣል።

ወደ ጽዳቱ ስንመጣ፣ አባትዎ ግንቦትን የመረጡት በትክክል ነው። መሬቱ ደረቅ ስለሆነ መሰላል አይሰምጥም፤ ቅጠሉም ደርቆ ቀላል ነው። መሰላሉን በአሸንዳው ላይ አታስደግፉት፤ የዛገ አሸንዳ የሰው ክብደት አይችልም፣ ግድግዳው ላይ ወይም ጠንካራ ወራጅ ላይ ይደገፍ። አንድ ሰው ሥሩን ይያዝ፤ ይህን ሰው ለማግኘት ሥራው አንድ ቀን ቢዘገይ ይዘግይ። ከሁሉ በፊት የመብራት ገመድ በየትኛው የክፈፍ በኩል ወደ ቤቱ እንደሚገባ ተመልከቱ። በነባር ቤቶች ላይ ገመዱ ብዙ ጊዜ አሸንዳውን እየነካ ስለሚያልፍ ሽፋኑ ከተላጠ አሸንዳው ራሱ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል፤ በዚያ ወገን ስትሠሩ ቆጣሪው ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ይጥፋ፣ ገመዱ የተላጠ ከሆነም ማጥፋቱ ብቻ ስለማይበቃ የመብራት ባለሙያ ሳያየው ማንም አይውጣ። ከቆጣሪው በፊት ያለው ገመድ ቤታችሁ መብራት ባይኖረውም ኃይል አለውና። ጣራው ላይ መውጣት ግድ ከሆነ ሚስማር የተመታበትን መስመር ብቻ እየረገጡ መሄድ ይገባል፤ ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ነው።

ደለሉን በአካፋ አትጫሩት፤ የቀረውን ዚንክ ይገፈዋል። የአምስት ሊትር ዘይት ጀሪካን በሰያፍ ተቆርጦ ጥሩ መዛቂያ ይሆናል፣ እኔ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ገዝቼ አላውቅም። መጀመሪያ የመውረጃውን አፍ በጨርቅ ድፈኑት፤ አለዚያ በመጥረግ ላይ ሳላችሁ ቅጠሉን ወደ ቧንቧው ትገፉትና ከአሸንዳ ጽዳት ወደ ቧንቧ ፈታ ትገባላችሁ። የተዛቀው ሁሉ ወደ ባልዲ ይግባ እንጂ ወደ ጎረቤት አጥር አይወርወር። ከዚያ ጨርቁን አንሥታችሁ ከመውረጃው ርቆ ባለው ጫፍ አንድ ባልዲ ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱና ከታች ያለው ሰው ይመልከት፤ የት ይንጠባጠባል፣ የት ይቋጥራል፣ ከቧንቧው ሥር ስንት ጊዜ ፈጅቶ ይወጣል። ይህ የአንድ ባልዲ ፍተሻ ከማንኛውም ሠራተኛ ግምት በላይ እውነቱን ይነግራችኋል፤ የሚቀየረውን ከሚጠገነው የምትለዩበትም እሱ ነው።

ቀዳዳው ሚስማር የሚያሳልፍ ያህል ብቻ ከሆነና ዙሪያው ያለው ቆርቆሮ በጣት ሲጫኑት የማይሰበር ከሆነ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፍቆ፣ ከውስጥ በኩል ቁራጭ ላሜራ በስታኞ (በእሳት ቀልጦ በሚያጣብቅ ብረት) ማጣበቅ ወይም በሲሊኮን መለጠፍ፣ ከላዩም አንቲረስት መቀባት ለዓመታት ያቆየዋል። ካትራም መቀባት የሚያገለግለው ለአንድ ክረምት ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጣጠቃል፣ ቢሆንም እጅ ሲያጥር ከምንም ይሻላል። ወለሉ በርዝመቱ በሙሉ የተበላ ከሆነ ግን መጠገኑ ገንዘብ ማባከን ነው። አዲስ ሲሠራ ላሜራው ከ28 ቁጥር ያልሳሳ ይሁን፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ ያላወቀ ገዢ 32 ቁጥርን የተሻለ መስሎት ይወስዳል። የፕላስቲክ አሸንዳም አለ፤ አይዝግም፣ ነገር ግን በእኛ ከፍታ ላይ ያለው ፀሐይ በጊዜ ብዛት እንዲሰባበር ስለሚያደርገው እኔ ጥላ ላለበት ወገን ብቻ ነው የምመርጠው።

ከላሜራው ጥራት ይልቅ ግን አሰቃቀሉ ይበልጣል። አሸንዳው በየሜትሩ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ወደ መውረጃው ማዘቅዘቅ አለበት፤ ለእናንተ 10 ሜትር ይህ በሁለቱ ጫፎች መካከል ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ነው፣ በክር ተለክቶ እንጂ በዐይን አይገኝም። ማቀፊያ ብረቶቹ በየ60 ወይም በየ80 ሴንቲ ሜትሩ ይመቱ፤ ሠራተኞች ብረት ለመቆጠብ ሲያራርቋቸው አሸንዳው በመካከል ይለምጥና ውሃ የሚቋጥርበት ሆድ ያወጣል። የቆርቆሮው ጫፍ ወደ አሸንዳው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይግባ፤ የፊቱ ከንፈር ከኋላው ትንሽ ዝቅ ይበል፣ ቢሞላ እንኳ ወደ ውጭ እንዲፈስ። የመውረጃ ቧንቧ ስፋት በግምት ለእያንዳንዱ የጣራ ካሬ ሜትር 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ተብሎ ይሰላል፤ ለኋላው 40 ካሬ ሜትር ባለ 75 ሚሊ ሜትሩ በቂ ነው፣ ባሕር ዛፍ ባለበት ግን ባለ 110 ይሻላል፣ ቅጠል በቀላሉ አይዘጋውም። አፉ ላይ የተጠቀለለ የሽቦ ወንፊት አስገቡበት። ከሠራተኛው ጋር ስትዋዋሉ የመጨረሻው ክፍያ የሚሰጠው ከባልዲው ፍተሻ በኋላ እንደሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ጨዋ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም።

ቧንቧው መሬት ሲደርስ ሥራው ያለቀ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ የእናቴን ቤት ያስታውሱ። ውሃው ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ርቆ መለቀቅ አለበት፤ በጎሚቶና በተጨማሪ ቧንቧ፣ ወይም በሲሚንቶ በተሠራ ቦይ፣ እስከ መንገዱ የውሃ መውረጃ ድረስ ቢሄድ ይመረጣል። ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ ወይም ወደ ሴፕቲክ ታንክ ማገናኘት ግን ፈጽሞ አይገባም። በሐምሌ ጉድጓዱ ይሞላል፣ ከዚያ የሚወጣው ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

የጎረቤታችሁ ነገር ከገንዘቡ በፊት ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለሀብት በንብረቱ ሲገለገል ለጎረቤቱ ችግር ወይም ጉዳት ከማድረስ እንዲቆጠብ ያዝዛል፤ የጣራችሁ ውሃ የሰው ግድግዳ እያራሰ «በራሴ ግቢ ነው» የሚል መከራከሪያ አያዋጣችሁም ማለት ነው። ጎረቤታችሁ ሁለት ጊዜ በቃል የነገሯችሁ ሰው ናቸው፤ ሦስተኛው በወረቀት ወይም በሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት እናንተ ቀድማችሁ ብትሄዱ ይሻላል። የኋላው አሸንዳ ሲሠራ መሰላሉ በእሳቸው ግቢ መቆም ሊኖርበት ስለሚችል ፈቃዳቸው ያስፈልጋችኋል፤ ጉዳዩን በዚህ ብትጀምሩት ወቀሳው ወደ ትብብር ይዞራል። አሸንዳው ለእሳቸውም ስለሚጠቅም የወጪውን ድርሻ ልጠይቃቸው ብለው ያስቡ እንደሆነ ግን አይጠይቁ፤ ውሃው የእናንተ ነው።

አሸንዳው ከተስተካከለ አንድ በርሜል ወይም ሮቶ ከሥሩ ማስቀመጥ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር፣ ለልብስና ለጽዳት ትልቅ እፎይታ ነው። የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ የወራት አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ይፍሰስ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ይጠራቀም፣ ለመጠጥ ግን አይሁን። ጳጉሜ 3 የሩፋኤል ዕለት ዕቃ ደቅነው ዝናብ የሚጠብቁ እናቶች ዕቃውን ከክፈፍ ሥር ሳይሆን ገላጣ ሜዳ ላይ የሚያስቀምጡት ያለ ምክንያት አይደለም። በርሜሉ በጨርቅ ይሸፈን። ድሬዳዋን በመሰሉ ሞቃት ከተሞች ለሚኖሩ አንባቢዎች ይህ ከቤት ጥገና ያለፈ ጉዳይ ነው፤ በ2006 ዓ.ም. የዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻም የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ በከተማዋ ያሰራጨችው የወባ ትንኝ ዘመድ የምትፈለፈለው በእንዲህ ዓይነት የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ሲሆን፣ ሆድ አውጥቶ ውሃ የቋጠረ አሸንዳ ለእሷ እንደ ተከፈተ በርሜል ነው።

አንድ ጽዳት ለባሕር ዛፍ ሠፈር አይበቃም። ከግንቦቱ ሌላ በሐምሌ አጋማሽ፣ ፀሐይ ብልጭ ባለችበት አንድ ጠዋት ቆርቆሮው ሲደርቅ ጠብቃችሁ፣ የመውረጃውን አፍ ብቻ ማየት ይገባል። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ቢባልም ከነሐሴ 13 በኋላ የሚወርደው ዝናብ ቀላል እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ መሰላሉ እስከ መስቀል ድረስ ከአጠገብ አይራቅ። ሥራው ተጠናቆ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ባለቤትዎና እርስዎ ጃንጥላ ይዛችሁ ወደ ኋላ በኩል ውጡና አሥር ደቂቃ ቁሙ። ውሃው በቧንቧው ብቻ መውረዱን፣ በከንፈሩ አለመዝለሉን፣ የጎረቤታችሁ ግድግዳም መድረቁን እዩ። ጎረቤታችሁም ድምፃችሁን ሰምተው ከወጡ አብረው ይመልከቱ።